በመቃ ብዕር የቁም ጽሕፈት መጀመር፦ ብዕር ከመቅረጽ እስከ መጀመሪያው ገጽ

በእጄ የጻፍኩትን የስም ሰሌዳ ወይም የሠርግ ጥሪ ያየ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነው፦ «ብዕሩን የት ገዛኸው?» አልገዛሁትም። የጓሮ መቃ ነው፣ ቀርጬው ነው። ይህን ስል ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄም ያው ነው፦ «እንዴት?» ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳ አንዴ ልጻፈውና ከዚህ በኋላ ወደዚህ ልምራ ብዬ ነው።

መመሪያው ለጀማሪ ነው። በብራና ላይ ዳዊት ለመጻፍ ለተዘጋጀ ሰው አይደለም፤ እሱ ከመምህር እግር ሥር ተቀምጦ የሚማረው ነው። እዚህ የምናገረው በወረቀት ላይ፣ በቤት ውስጥ፣ ቆሞ የሚነበብ ፊደል (ቁም ጽሕፈት) ስለ መጻፍ ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- በደንብ የደረቀ መቃ ወይም ሸምበቆ፣ ውፍረቱ የትንሽ ጣት ያህል፣ ሁለት ሦስት ዘንግ (መጀመሪያ ላይ ማበላሸታችሁ አይቀርም)
- ስለት ያለው ትንሽ ቢላ ወይም ካተር፣ እና አዲስ ምላጭ
- ጫፍ የሚቆረጥበት ጠንካራ ጣውላ
- ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት
- ጥቁር ቀለም (አሠራሩን ታች አስቀምጫለሁ) እና አፈ ሰፊ ብልቃጥ
- ለስላሳና ወፈር ያለ ወረቀት፣ በካሬ ሜትር ከ120 ግራም ያላነሰ
- ማስመሪያ፣ ወስፌ ወይም ቀለሙ ያለቀ እስክሪብቶ
- አሮጌ ጨርቅ፣ ውሃ
- ለቀዩ ቀለም (10ኛው ደረጃ ላይ አለ) ሌላ ብዕር። አንድ ብዕር ለሁለት ቀለም አይሆንም።

ውጭ አገር ላላችሁ፦ ካሊፎርኒያም እስራኤልም የወንዝ ዳር ሸምበቆ ሞልቷል። የባሕረ ሰላጤ አገሮች ውስጥ ላላችሁ ደግሞ የዓረብኛ የቁም ጽሕፈት ብዕር ሱቅ ውስጥ ተቀርጾ ይሸጣል፤ ግን ጫፉ በጣም ሰያፍ ሆኖ የተቆረጠ ስለሆነ እንዳለ ለግዕዝ ፊደል አይመችም። ገዝታችሁ ጫፉን ብቻ ቀጥ አድርጋችሁ እንደገና ቁረጡት። መቃ ጨርሶ ካልተገኘ ጠፍጣፋ አፍ ያለው የፓይለት ፓራለል ብዕር ባለ 2.4 ወይም ባለ 3.8 ሚሊ ሜትሩ ይሠራል፤ ያኔ አንደኛውንና ሁለተኛውን ደረጃ ዝለሉ። ቀለሙን ግን ከራሱ ጋር የሚሸጠውን ብቻ ተጠቀሙ፤ ሙጫ ያለበት ቀለም ውስጡን ይደፍነዋል።

1. መቃውን ምረጡ

እርጥብ መቃ አትቅረጹ። ሲደርቅ ይጨማደዳል፣ ስንጥቁም አፉን ከፍቶ ይቀራል። ሲቆርጡት አረንጓዴ ከነበረ ጥላ ውስጥ አቁማችሁ ቢያንስ ለጥቂት ሳምንታት አድርቁት። መድረሱን የምታውቁት ጣውላ ላይ ጣል ስታደርጉት ነው፦ የደረቀው ይንቃጨላል፣ ያልደረቀው ዱብ ይላል።

በሁለት አንጓ መካከል ያለውን ክፍል ውሰዱ። አንጓው ላይ ጭረቱ ስለሚጠማዘዝ ቢላው ቀጥ ብሎ አይሄድም። ከ18 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ይበቃል፤ ካጠረ መዳፍ ላይ አይደገፍም፣ ከረዘመ ደግሞ ጫፉ ይወዛወዛል።

2. ብዕሩን ቅረጹ

እዚህ ላይ ቀስ በሉ። ከሚደርሱኝ «ቀለሙ ይንጠባጠባል»፣ «ፊደሉ አይወፍርም» ከሚሉ አቤቱታዎች አብዛኞቹ ቀለም ጋ ሳይሆን እዚህ የጀመሩ ናቸው።

ሀ) ከጫፉ 3 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ቆጥራችሁ ቢላውን አጋድማችሁ ወደ ጫፉ ረጅም ሰያፍ ቁረጡ። የመቃው ግማሽ ውፍረት ይሄዳል፣ ማንኪያ የመሰለ ጎድጓዳ ይቀራል። ሁልጊዜ ቢላው ከእናንተ ወደ ውጭ ይሂድ፤ መቃ ሳይታሰብ ስለሚለቅ ወደ አውራ ጣት የሚጎተት ቢላ ደም ያፈሳል። ልጆች ይህን ደረጃ ብቻቸውን አይሥሩት።

ለ) ውስጡ ያለውን ነጭ ስፖንጅ መሰል ገለባ በቢላው ጫፍ ፋቁ፣ እስከ ጠንካራው ቅርፊት ድረስ። ገለባው ከቀረ ቀለም ይጠጣና ከፊደሉ መካከል ላይ በድንገት ይተፋዋል።

ሐ) ሁለቱን ጎኖች እኩል እየላጣችሁ ወደ ጫፉ አጥብቡ። ለልምምድ የጫፉ ስፋት 3 ሚሊ ሜትር ይሁን። ጠባብ ብዕር ስህተትን ይደብቃል፤ ስፋት ያለው ያጋልጣል፣ ለተማሪ የሚጠቅመውም የሚያጋልጠው ነው።

መ) ስንጥቁ። ምላጩን በጫፉ መሃል አስገቡና ቀስ ብላችሁ ወደ ውስጥ ግፉ። የሌላ እጃችሁ አውራ ጣት ከጫፉ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ መቃውን ጠበቅ አድርጎ ይያዝ፤ ስንጥቁ እዚያ ሲደርስ ይቆማል። «ጠቅ» የምትል ድምፅ ትሰማላችሁ፣ ይበቃል። ቀለም ከጎድጓዳው ወደ ጫፍ የሚወርደው በዚህች ቀጭን መንገድ ነው። ከሌለች ብዕሩ አንድ ፊደል ጽፎ ይደርቃል፤ ከረዘመች ደግሞ ጫን ስትሉት ሁለቱ ምላሶች ይከፈታሉ፣ በመካከሉ ነጭ ሰረዝ ይቀራል።

ሠ) ጫፉን ቁረጡ። ብዕሩን ጎድጓዳውን ወደ ታች አድርጋችሁ ጣውላው ላይ አስተኙት፣ አዲሱን ምላጭ ቀጥ አድርጋችሁ አንዴ ብቻ ተጫኑ። መጋዝ እንደሚስብ ሰው ወዲያ ወዲህ አታድርጉ፤ ጫፉ ይሸራረፋል። የተሸረፈ ጫፍ የፊደሉን ዳር ያጎፍራል። መጨረሻ ላይ የብርጭቆ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ ዳሰስ አድርጉት፣ ከዚያ አይለፍ።

የተቀረጸው ጫፍ በአጠቃቀም ይደነዝዛል። እኔ ከጥቂት ገጾች በኋላ 1 ሚሊ ሜትር ቆርጬ አድሰዋለሁ። ስለዚህ ብዕር በየጊዜው እያጠረ የሚሄድ ዕቃ ነው፣ አትዘኑለት።

3. ቀለሙን አዘጋጁ

ተዘጋጅቶ የሚሸጥ የጥላሸት ቀለም ካላችሁ ተጠቀሙና እለፉ። የእስክሪብቶና የፋውንቴን ፔን ቀለም ግን ቀጭን ስለሆነ ከመቃ ላይ እንደ ውሃ ይፈሳል።

በቤት ለሚሠራ፦

- 2 የሾርባ ማንኪያ የተወቀጠ የግራር ሙጫ በ4 ማንኪያ ሙቅ ውሃ ዘፍዝፋችሁ አሳድሩ። ዕጣን የሚሸጡ ሰዎች ዘንድ ይገኛል። ጠዋት በሻሽ አጥልሉት፤ ቅርፊትና አሸዋ አይጠፋውም።
- ጥላሸት ሰብስቡ። የኩራዝ ጭስ ላይ ሳህን ደፍታችሁ ብትይዙ ደቃቁን ታገኛላችሁ። የድስት ቂጥም ይሆናል፣ ግን በወንፊት ይነፋ።
- 1 የሾርባ ማንኪያ ጥላሸት ላይ ጥቂት ጠብታ አረቄ ጣል አድርጉና ለውሱት። ጥላሸት ውሃ ይሸሻል፣ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል፤ አረቄው ነው የሚያስታርቃቸው። ይህን ዘዴ ሳላውቅ የመጀመሪያ ቀለሜን ስበጠብጥ ጥላሸቱ ተነሥቶ የወጥ ቤቱን መጋረጃ አልብሶት ነበር። አልለቀቀም።
- የሙጫውን ውሃ በትንሽ በትንሹ እየጨመራችሁ በሙቀጫ ቢያንስ አንድ ሰዓት ፍጩ። ሲፈጭ የሚያንጸባርቅ ጥቁር ሊጥ ይመስላል። ከዚያ በውሃ አቅጥኑት፣ የወተት ያህል እስኪወርድ።
- እንዳይሸት ሁለት ሦስት ፍሬ ቅርንፉድ ጣሉበት።

ፈተናው፦ በወረቀት ላይ ሰረዝ አስምሩ፣ ሲደርቅ በጣት እሹት። ጣታችሁን ካጠቆረ ሙጫው አንሷል። ደርቆ ከተሰነጣጠቀና ከተቀረፈ ሙጫው በዝቷል። ብራና የሚጽፉ ቁም ጸሐፊዎች ቀለማቸውን አስቀምጠው ለወራት ያብላሉታል፤ እናንተም ቀለሙን ሳምንት ካቆያችሁት ከመጀመሪያው ቀን የተሻለ እንደሚወርድ ታያላችሁ።

ማስጠንቀቂያ፦ ጥላሸት ስትነፉ አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ መስኮት ክፈቱ፣ ማራገቢያ አጥፉ። ነጭ ልብስ አትልበሱ።

4. ወረቀቱን ፈትኑ

ከመጻፋችሁ በፊት ጥግ ላይ አንድ ሰረዝ አስምሩና ደቂቃ ጠብቁ። ቀለሙ የሸረሪት እግር ካወጣ ወረቀቱ ይጠጣል፣ የፎቶ ኮፒ ወረቀት አብዛኛው እንዲህ ነው። ቀለሙ ኳስ እየሠራ ከተሰበሰበ ደግሞ ወረቀቱ በጣም ለስልሷል። አንድ ጊዜ ለአንድ ትምህርት ቤት የምስክር ወረቀት እንድጽፍ የሚያብረቀርቅ ወረቀት ተሰጠኝና ሳልፈትን ሃያውን ስም ጻፍኩ። ደርደር አድርጌ አስቀመጥኳቸው። በማግስቱ የእያንዳንዱ ተመራቂ ስም በሚቀጥለው ተመራቂ ወረቀት ጀርባ ላይ ተገልብጦ ታትሞ ነበር።

ብራና ካገኛችሁ ሁለት ገጽ እንዳለው አስታውሱ። የጠጉሩ ወገን ቢጫ ይላል፣ የሥጋው ወገን ይነጣል። ቅባት ካለበት ቀለም ስለማይይዝ ከመጻፍ በፊት ጠመኔ ነስንሳችሁ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት።

5. መስመር አስምሩ

ለ3 ሚሊ ሜትር ብዕር የፊደሉ ቁመት 15 ሚሊ ሜትር ይሁን፣ ማለትም የብዕሩን ስፋት 5 እጥፍ። በመስመርና በመስመር መካከል የ3 ብዕር ስፋት፣ 9 ሚሊ ሜትር፣ ክፍት ተዉ። ቁመቱ ከ4 እጥፍ ካነሰ የ«መ» እና የ«ወ» ውስጥ ይደፈናል፤ ከ7 ከበለጠ ፊደሉ ይከሳል።

በእርሳስ አታስምሩ። በወስፌ ጀርባ ወይም ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ ማስመሪያውን ተከትላችሁ ጫን በሉ፤ ወረቀቱ ላይ ቦይ ይወጣል። ቁም ጸሐፊ ብራናውን ዳርና ዳር በወስፌ ወግቶ ቀዳዳ ከቀዳዳ እያገናኘ የሚያሰምረው በዚሁ መንገድ ነው። ጥቅሙ፦ የሚጠፋ እርሳስ የለም። የቀለሙ ሙጫ ላጲስ አይወድም፣ ጥቁሩን ፊደል ግራጫ ያደርገዋል።

6. ብዕሩን ያዙ፤ ማዕዘኑን አትልቀቁ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ይህ ይሁን።

የቁም ጽሕፈት ፊደል ቁም ሰረዙ ወፍራም፣ አግድሙ ቀጭን ነው። ይህን የሚያወጣው የእጅ ግፊት አይደለም፤ የብዕሩ አፍ ከመስመሩ ጋር የሚሠራው ማዕዘን ነው። የብዕሩን አፍ ከመስመሩ ጋር ወደ ማስተኛት ቀረብ አድርጉት፣ የቀኝ ጥጉ ከግራው ትንሽ ከፍ ይበል፣ 20 ዲግሪ ገደማ። በዚህ አያያዝ ወደ ታች ስትስቡ የብዕሩ ሙሉ ስፋት ያህል ይወጣል፤ ወደ ቀኝ ስትስቡ የዚያ ሲሶ። በ45 ዲግሪ ብትይዙት ቁሙም አግድሙም እኩል ይሆናል፣ ፊደሉም በማርከር የተጻፈ ይመስላል። የላቲን የቁም ጽሕፈት የተማሩ ሰዎች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ነው፤ እጃቸው ወደ 45 ለምዷል።

ለመለማመድ ፊደል ሳትጽፉ የመደመር ምልክት ብቻ ጻፉ፦ አንድ ቁም፣ አንድ አግድም፣ ሙሉ ገጽ። ቁሙ እንደ ግንድ፣ አግድሙ እንደ ክር ሲሆን ማዕዘኑ ገብቷል። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ይህን ገጽ የዘለለ ሰው ከሁለት ወር በኋላ ተመልሶ ይሠራዋል።

ግራኝ ከሆናችሁ እጃችሁን አታጣምሙ፤ ወረቀቱን እያዞራችሁ ያንኑ 20 ዲግሪ ፈልጉ።

ሌላው፦ ብዕሩን ወደ ታችና ወደ ቀኝ ሳቡት እንጂ ወደ ላይ አትግፉት። ሰፊ አፍ ወደ ላይ ሲገፋ ወረቀቱን ይቆፍርና ቀለም ይረጫል። ወደ ላይ የሚወጣ መስመር ካለ ብዕሩን አንሱና ከላይ ጀምራችሁ ውረዱ። ጠረጴዛችሁን ከበስተኋላ በሁለት መጽሐፍ ከፍ አድርጉት፤ ጠፍጣፋ ላይ ቀለሙ አንዴ ይፈሳል፣ በጣም ባዘነበለ ላይ ደግሞ አይወርድም።

ብዕሩን 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ንከሩ፣ ከብልቃጡ አፍ ጋር ዳሰስ አድርጉና መጀመሪያ ቁራጭ ወረቀት ላይ አንድ ሰረዝ ጻፉ። የመጀመሪያዋ ጠብታ ሁልጊዜ ትበዛለች።

7. ፊደላቱን በእግራቸው ተማሩ

በ«ሀ ሁ» ተራ አትሂዱ። ሀሁ ለማንበብ ነው የተደረደረው፣ ለእጅ አይደለም። እጅ የሚማረው በቅርጽ ነው፦

- ባለ ሁለት እግር፦ በ፣ ለ፣ ሰ፣ ከ፣ ዘ፣ አ፣ ጸ
- ባለ አንድ እግር፦ ተ፣ ቀ፣ ነ፣ ገ
- ባለ ሦስት እግር፦ ሐ፣ ጠ
- ክብና እግር የለሽ፦ ዐ፣ ወ፣ መ፣ ሀ፣ ሠ፣ ፀ
- መሬት ላይ የሚተኙ፦ ረ፣ ፈ

በ«በ» ጀምሩ፣ ምክንያቱም ቁምና አግድም ብቻ ነው። አንደኛ፣ ብዕሩን የላይኛው መስመር ላይ አሳርፉ፣ የግራውን እግር ቀጥ አድርጋችሁ እስከ ታችኛው መስመር ሳቡ፣ ቆም በሉ፣ አንሱ። ሁለተኛ፣ ወደ ግራው እግር ራስ ተመለሱና ቀጭኑን አግድም ወደ ቀኝ ሳቡ። ሦስተኛ፣ አግድሙ ካለቀበት የቀኙን እግር አውርዱ። አሁን በሁለቱ እግሮች መካከል ያለውን ነጭ ተመልከቱ፦ ስፋቱ ከአንድ እግር ውፍረት ትንሽ ይበልጥ። ዓይን የሚያነበው ጥቁሩን ብቻ አይደለም፤ ነጩ እኩል ካልሆነ ገጹ የተቦጫጨቀ ይመስላል።

ሃምሳ «በ» ጽፋችሁ እርስ በርስ ሲመሳሰሉ ወደ «ዐ» እለፉ። «ዐ» አንድ ዙር አይደለም፣ ሁለት ጨረቃ ነው። ከላይ ጀምራችሁ የግራውን ጨረቃ አውርዱ፤ ሲጀምር ቀጭን፣ ወገቡ ላይ ወፍራም፣ ሲያልቅ ቀጭን ይሆናል፣ እናንተ ሳታስቡበት። ከዚያ ወደ ላይ ተመልሳችሁ የቀኙን አውርዱና ግጠሙ። «ወ» ማለት ይኸው «ዐ» ሆኖ መሃሉ ላይ ቁም የተጨመረበት ነው። «መ» ሁለት ክብ ጎን ለጎን፤ ሁለቱ እኩል እንዲሆኑ ግራውን ስትጽፉ ለቀኙ ቦታ አስቡለት፣ ጀማሪ ሁሉ ቀኙን ያጨናንቀዋል።

ቀሪዎቹ የእነዚህ ዘመዶች ናቸው። እኔ በቀን ግማሽ ሰዓት፣ በሳምንት ከላይ ከደረደርኳቸው አንድ የፊደል ቤተሰብ ነው የምመክረው።

ሞዴል ያስፈልጋችኋል። ከኮምፒውተር ፊደል አትቅዱ፤ ብዙዎቹ የብዕሩን መንገድ አያሳዩም። አዲስ አበባ ካላችሁ 6 ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ግቡና ብራናዎቹን በዓይናችሁ እዩ። ውጭ ያላችሁ በሚኒሶታ የሚገኘው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት በኢንተርኔት ያስቀመጣቸውን የኢትዮጵያ ብራናዎች በነፃ ተመዝግባችሁ አጉልታችሁ ማየት ትችላላችሁ። «ጉልሕ» የሚባለውን ትልልቅ ጽሕፈት ምረጡ፤ «ረቂቁ» ደቃቅና ፈጣን እጅ ስለሆነ ለጀማሪ የብዕሩ አካሄድ አይታይም። ከሁለት ብራና አትቀላቅሉ። የአንዱን ጸሐፊ «በ» ከሌላው «መ» ጋር ብታስቀምጡ እንደ ባዕድ ይተያያሉ።

8. ከግዕዝ እስከ ሳብዕ

የመጀመሪያው ቅርጽ እጃችሁ ከገባ ሌሎቹ ጥቂት ለውጥ ናቸው። ሦስት ነገሮችን ብቻ ጠብቁ።

ካዕብ (ቡ) ሰረዙ የቀኙ እግር ወገብ ላይ ይሁን። ዝቅ ካለ «ቢ» ይመስላል፣ አንባቢ ይሰናከላል። ሣልስ (ቢ) ሰረዙም የኃምስ (ቤ) ቀለበትም እግሩ ጫፍ ላይ፣ ከመስመሩ ሳያልፉ። ቀለበቱን በብዕሩ ጥግ ጻፉት፤ በሙሉ አፉ ከጻፋችሁት ድፍን ነጥብ ይሆናል።

ራብዕ (ባ) ግራ እግሩ ያጥራል፣ ሳብዕ (ቦ) ቀኝ እግሩ። ጀማሪ ግን የሚያደርገው ሌላውን እግር ማስረዘም ነው፤ ያኔ ፊደሉ ከመስመር ወርዶ የታችኛውን ረድፍ ይረግጣል። የሚያጥረውን ከፍ አድርጉት እንጂ የቀረውን አታስረዝሙ።

ክቦቹ ደግሞ በራብዕ ከሥራቸው እግር ይቀጠልላቸዋል፦ ማ፣ ዋ፣ ዓ፣ ሣ። እግሩ ቦታ እንዲያገኝ ክቡን ወደ ላይ ጨመቅ አድርጉት። «ማ» ከ«መ» እኩል ቁመት ነው ያለው፤ ሰውነቱ ብቻ አነሰ።

9. ከመጻፋችሁ በፊት ቃሉን አጣሩ

ቀለም አይሰረዝም። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ የትኛው እንደሆነ አስቀድማችሁ ወስኑ። ሠርግ፣ ዓመት፣ ንጉሥ፣ ጸሎት፣ ፀሐይ በብዛት የሚያጠያይቁ ናቸው። የሰው ስም ከሆነ ባለቤቱን ራሱን ጠይቁ፣ በወረቀት ጽፎ ይስጣችሁ። በስልክ የተነገረ «ኃይሉ» በእኔ እጅ «ሀይሉ» ሆኖ ግድግዳ ላይ ወጥቷል፤ በራሴ ወጪ ደግሜ ጻፍኩ።

ከዚያ ሙሉውን ጽሑፍ በዚያው ብዕር ቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፉት፣ ረድፍ ረድፉን እየቆረጣችሁ በንጹሑ ወረቀት ላይ ደርድሩት። ረድፉ የት እንደሚያልቅ የምታውቁት እንዲህ ነው፤ በግምት የጀመረ ሰው መጨረሻ ላይ ፊደል ያጨቃል። በየቃሉ መካከል ሁለት ነጥብ (፡) የምታደርጉ ከሆነ ለእሱም ቦታ ቁጠሩ፣ ነጥቦቹንም በብዕሩ ሙሉ አፍ አሳርፋችሁ አንሱ።

10. ቀዩን በመጨረሻ

በብራና መጻሕፍት ቀይ የሚውለው ለቅዱሳት ስሞችና ለምዕራፍ መጀመሪያ ረድፎች ነው። ለስም ሰሌዳና ለጥሪ የመጀመሪያው ረድፍ ወይም ስሙ ብቻ ቢቀላ ይበቃል። ጥቁሩን ሁሉ ጨርሱ፣ ለቀዩ ልኩን ክፍት ተዉ፣ ጥቁሩ በደንብ ከደረቀ በኋላ በሌላው ብዕር ሙሉ። እርጥብ ጥቁር ቀይን ይጎትታል፣ ቡናማ ሆኖ ይቀራል። ቀይ የጉዋሽ ቀለም (በውሃ የሚቀጥን ወፍራም የሥዕል ቀለም) በውሃ ቀጥኖ፣ ጥቂት የሙጫ ውሃ ታክሎበት ይሠራል። ስትጨርሱ ክፍቱን ሁሉ መሙላታችሁን እዩ፤ ሳይሞላ የቀረ የስም ቦታ አሮጌ ብራና ላይ እንኳ ይታያል።

11. የግዕዝ ቁጥር ካለ

የሠርግ ጥሪ ላይ ቀን የማይጽፍ የለም። የግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለውም፣ እንደ 1፣ 2፣ 3 በቦታ አይቆጠርም። ስለዚህ 2018 ማለት ፳፻፲፰ ነው፦ ሃያ፣ መቶ፣ ዐሥር፣ ስምንት። ሃያ መቶ ሁለት ሺህ ነው፣ ዐሥርና ስምንት ዐሥራ ስምንት። «፪፩፰» ብላችሁ ብትደረድሩ ሁለት፣ አንድ፣ ስምንት ብቻ ነው። ከላይና ከታች ያሉትን ሁለት ሰረዞች መጀመሪያ አታስምሩ፤ ሰውነቱን ጻፉ፣ ከዚያ ሰረዞቹን በቀጭኑ አግድም ዝጉ። ቁጥሩ በመስመሩ ውስጥ እንዲገባ ሰውነቱን ከፊደል አሳንሱት።

የተለመዱ ችግሮች

ብዕሩ ጽፎ ጽፎ ደረቀ፦ ስንጥቁ ተደፍኗል። ውሃ ውስጥ ንከሩት፣ ምላጭ አሳልፉበት። ሙሉ በሙሉ ከደረቀ ቀለም ጋር ትግል ከመግጠም ጫፉን መቁረጥ ይቀላል።

ጠብታ ወደቀ፦ አትጥረጉ። የወረቀት ጫፍ አስጠጉለት፣ ይጠጣዋል። የቀረው ሲደርቅ በምላጭ ጎን ቀስ ብላችሁ ፋቁት፣ በጥፍር ጀርባ አለስልሱት። ወፍራም ወረቀትና ብራና ይህን ይችላሉ፤ ቀጭን ወረቀት ይቀደዳል። በተፋቀ ወረቀት ላይ መልሳችሁ ከጻፋችሁ ቀለሙ ስለሚሰፋ በትንሹ ንከሩ።

ፊደሉ ወደ ቀኝ ይወድቃል፦ ችግሩ አቀማመጣችሁ ላይ ነው። ከግራ ወደ ቀኝ በሄዳችሁ ቁጥር እጃችሁ እየዞረ ነው፤ ወረቀቱን ወደ ግራ እየሳባችሁ እጃችሁ ሁልጊዜ ደረታችሁ ፊት ይጻፍ።

የረድፉ መጀመሪያ ጥቁር፣ መጨረሻው ግራጫ፦ ብዕሩን የምትነክሩት ሲደርቅ ብቻ ነው ማለት ነው። በሦስት በአራት ፊደል ንከሩ፣ ቀለሙ ገና ሳያልቅ። ቀለሙንም አማስሉት፣ ጥላሸቱ ወደ ታች ይዘቅጣል።

ውፍረቱ በየፊደሉ ይለያያል፦ ብዕሩ ጣታችሁ ውስጥ እየዞረ ነው። መቃው ጀርባ ላይ፣ አውራ ጣት በሚያርፍበት፣ በቢላ ትንሽ ጠፍጣፋ ፋቁለት፤ አውራ ጣታችሁ እዚያች ላይ እስካለ ድረስ ማዕዘኑ አይለወጥም።

ስትጨርሱ ብዕሩን በቀዝቃዛ ውሃ እጠቡ፣ በጨርቅ አድርቁ፣ ጫፉን ወደ ላይ አድርጋችሁ አቁሙት። ቀለም ብልቃጥ ውስጥ ተነክሮ ያደረ መቃ ጠዋት ላይ ለስልሶ ነው የሚገኘው፣ እንደገና ደርቆ እስኪጠነክር ደግሞ ቀናት ይፈጅበታል።